ለአራተኛ ፎቅ ሰርቨር ክፍል ራክና ኬቪኤም ልንገዛ ነው፤ ስፔስፊኬሽኑን ከማስገባቴ በፊት እዩልኝ

እንጦጦ_ንፋስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ሰርቨሮቻችን በሦስት ክፍል ተበታትነው ነበር፤ ገሚሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ገሚሱ ባለ መስታወት በር አጭር ካቢኔት ውስጥ ተጨናንቆ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተለቆልን ሁሉንም እዚያ ራክ (ሰርቨሮች ተደራርበው የሚታሰሩበት የብረት ካቢኔት) ውስጥ ልናሰባስብ ነው። ያለን ዕቃ 14 ሰርቨር (ዘጠኙ ዴል፣ ሦስቱ ኤችፒኢ፣ ሁለቱ ሱፐርማይክሮ)፣ አንድ ስቶሬጅ፣ አምስት ስዊች፣ ሁለት ራውተርና አንድ ፋየርዎል ነው።

ግዥ ክፍል ስፔስፊኬሽኑን እስከ ዓርብ አምጪ ብሎኛል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። ሁለቱ 42 ዩ (ዩ የራክ ቁመት መለኪያ ነው)፣ ስፋትና ጥልቀታቸው 600 በ800 ሚሊ ሜትር ሆነው የፊት በራቸው መስታወት ነው። ሦስተኛው 600 በ1200፣ ፊትም ኋላም ወንፊት በር ያለው ነው፤ ዋጋው ግን ከሁለቱ በጣም ይርቃል። አለቃዬ «ራክ ማለት ብረት ነው፣ ርካሹን ውሰጂ» ይለኛል። በቅንነት ነው የሚለው፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ኬቪኤም ነው፤ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ የምንቆጣጠርበት ዕቃ ማለቴ ነው። ባለ 16 ፖርቱ፣ ከተሳቢ ስክሪንና ኪቦርድ ጋር ያለው ይሻላል? በኔትወርክ የሚሠራው ይሻላል? ወይስ ሰርቨሮቹ የራሳቸው ሪሞት ማኔጅመንት ስላላቸው ጭራሽ አያስፈልግም? እስቲ በሥራ ላይ የገጠማችሁን ንገሩኝ።

ኬብል_አሳሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ 800ውን አትንኪው። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት ቦታ ልክ እንደዚህ ዓይነት ራክ በርካሽ ተገዛ። ሰርቨሩን ገፍተን ስናስገባ ጀርባው ከኋላ ምሰሶው አልፎ ወጣ፤ የፓወር ገመዱ ሲሰካ ደግሞ በሩ አልዘጋም አለ። በመጨረሻ የኋላውን በር አውልቀን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው። እኔ ሥራውን እስክለቅ ድረስ በሩ እዚያው ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰርቨር አካሉ ብቻ 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ። ከኋላው የፓወር ገመድና የኔትወርክ ኬብል ሳይሰበር እንዲታጠፍ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ከፊት ደግሞ በምሰሶውና በበሩ መካከል ክፍተት አለ። ፕሮፎርማው ላይ 800 ተብሎ የተጻፈው የውጭ ልኩ ነው፤ ውስጡ ከዚያ ያንሳል። 1000 ዝቅተኛው ነው፤ ፒዲዩው (ራክ ውስጥ ፓወር የሚያከፋፍለው) ቁሞ ከኋላ የሚታሰር ከሆነ 1200 ውሰጂ። ስዊችና ፓች ፓነል የሚበዛበትን ራክ ደግሞ ስፋቱን 800 አድርጊው። ኬብሉ በጎን የሚወርድበት ቦታ ከሌለው በስድስት ወር ውስጥ የአየር መውጫውን ይደፍነዋል።

ሌላው ቀዳዳው ነው። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ይሁን። የዴልና የኤችፒኢ ሬይል (ሰርቨሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ያለ መፍቻ ጠቅ ብሎ የሚገባው እሱ ላይ ነው። ክር የተበጀለት ክብ ቀዳዳ ከመጣ ክሩ አንዴ ከተበላ ምሰሶው ሄደ ማለት ነው። በአራት ማዕዘኑ ላይ ግን የሚበላሸው ኬጅ ነቱ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የቡሎን መያዣ) ብቻ ነው፤ እሱን አውልቀሽ ትቀይሪያለሽ።

ለአዲስ ልጆች ሁሌ የማሳየውን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው፣ በያንዳንዱም ሦስት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳዎቹ ግን እኩል አይራራቁም፤ 15.875፣ 15.875፣ ከዚያ 12.7 ነው። ድንበሩ ያለው በሁለቱ ይበልጥ በተቀራረቡት ቀዳዳዎች መካከል ነው። ጣትሽን ምሰሶው ላይ ስታንሸራትቺ ታገኚዋለሽ። ይህን ሳያውቅ አንድ ቀዳዳ ስቶ የጀመረ ሰው ከታች እስከ ላይ ሁሉንም አዛብቶ ይጨርሳል። የዩ ቁጥሩ ምሰሶው ላይ የታተመ ራክ ከተገኘ ይህ ችግር የለም፤ ስፔስፊኬሽኑ ላይ ጻፊው።

ጋሼ_ኮንሶል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ኬብል አሳሪ ስለ ጥልቀቱ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ መስታወቱ ነው፤ ነገሩ አዲስ አበባ ላይ የባሰ ነውና።

ሰርቨር አየሩን ከፊት ስቦ ከኋላ ነው የሚተፋው። መስታወት በር ፊቱን ዘጋው ማለት ነው። ሻጩ «ከላይ ማራገቢያ አለው» ይልሻል። ያ ማራገቢያ የሚያወጣው ራሱ ሰርቨሩ ያሞቀውን አየር ነው፤ ፊት ለፊት ቀዝቃዛ አየር ካልገባ ትርፉ ጥቂት ነው።

አሁን ከፍታውን አስቢ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። የአሜሪካኖቹ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ የሚባለው፣ ለተለመዱት ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ለኛ ስታሰሊው ወደ 5 ዲግሪ ይቀነሳል። ስለዚህ ዶክመንቱ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ 30 ነው ማለት ነው። የሚመከረው ደግሞ ከ18 እስከ 27 ነው። የሚለካውም የክፍሉ መሐል ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በፊቱ በኩል ነው። ብዙ ሰው ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይረጋጋል።

ስለዚህ ፊትም ኋላም ወንፊት። ባዶ ዩዎችን ደግሞ በብላንኪንግ ፓነል ድፈኛቸው። ክፍት ከተዉ ከኋላ የወጣው ሙቅ አየር በዚያ ቀዳዳ ዞሮ ፊት ይመጣል፣ ሰርቨሩም የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ፓነሉ ከፕላስቲክም ይሠራል፣ ዋጋው ቀላል ነው። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ካልጻፍሽው ማንም አያመጣልሽም።

እንጦጦ_ንፋስ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ከፍታው የነገሩኝን ከዚህ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ያለውን ጭነት አነበብኩ፤ በጠቅላላው 4.6 ኪሎዋት ነው። ክፍሉ ውስጥ ባለ 24,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ሁለት ኤሲ ተገጥሟል። ይበቃል? ፓወሩንስ እንዴት ልከፋፍለው? ባለ 16 አምፒር ሁለት ፒዲዩ ነው የታሰበው።

ማብሪያ_ማጥፊያ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ከኤሌክትሪኩ ወገን ነኝ፤ በዚህ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

አንድ ኪሎዋት በሰዓት 3,412 ቢቲዩ ነው። 4.6 ኪሎዋት ወደ 15,700 ይመጣል። አንዱ ኤሲ በስሙ ይችለዋል፤ ነገር ግን ጋሼ ያሉት የከፍታ ነገር ኤሲውንም ይነካዋል፣ ስለዚህ ትርፉ የሚመስልሽን ያህል አይደለም። ሁለቱን እያፈራረቅሽ አሠሪያቸው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ብቻውን ክፍሉን ይዞ መቆየቱን አሁኑኑ አንድ ቀን ሙሉ አጥፍተሽ ፈትኚ። ኤሲው ከዩፒኤስ እንደማይነሳም አትርሺ፤ መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ክፍሉ ያለ ማቀዝቀዣ ነው።

የፒዲዩው ነገር ግን አስደንግጦኛል። 4.6 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 21 አምፒር ነው። ሁለት ፒዲዩ ላይ ሲከፈል በያንዳንዱ 10 አምፒር ተኩል ይታይሻል፤ 16 ስለሆነ ደህና ይመስላል። አንዱ መስመር የጠፋ ቀን ግን ባለ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ሰርቨሮች በሙሉ ጭነታቸውን ወደ ሌላው ያዞራሉ። 21 አምፒር 16ቱ ላይ ሲያርፍ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል። መጠባበቂያ ብለሽ የገዛሽው ራሱ ያጠፋሻል። ባለ 32 አምፒር ሁለት ይሁኑ፣ ከሁለት የተለያየ ብሬከር፣ ቢቻል ከሁለት ዩፒኤስ። 32ን ደግሞ እስከ 80 በመቶው ብቻ ቁጠሪው፤ 25 አምፒር ገደማ ማለት ነው። 21ዱ እዚያ ውስጥ ያርፋል። አምፒሩን በስክሪን የሚያሳይ ፒዲዩ ከሆነ በየጊዜው መከታተል ትችያለሽ።

ሶኬቱ ሲ13ና ሲ19 (የሰርቨር ፓወር ገመድ የሚሰካባቸው ዓይነቶች) ይሁን፤ ገመዱም የሚቆለፍ። ከገበያ የሚገዛ ተራ ማከፋፈያ ራክ ውስጥ አታስገቢ። አንዱን ገመድ ስታስተካክይ ጎረቤቱ ይላቀቃል፤ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው።

አራተኛ ፎቅ ስላልሽ ደግሞ ወለሉን ሳልነግርሽ አላልፍም። 14 ሰርቨር እያንዳንዱ 25 ኪሎ ቢሆን 350 ነው፤ ስቶሬጁ፣ ፒዲዩው፣ ኬብሉና የራኩ የራሱ ክብደት ሲጨመር ከ550 ኪሎ ይበልጣል። 600 በ1200 ራክ የሚያርፈው 0.72 ስኩዌር ሜትር ላይ ነው። የቢሮ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በስኩዌር ሜትር 300 ኪሎ አካባቢ ተብሎ ነው። ይህ ማለት ወለሉ ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ ጭነቱ በዙሪያው ይሰራጫል፣ ቢም አጠገብ ቢቀመጥም ይረዳል። ግን የሕንፃውን ስትራክቸራል መሐንዲስ ሳትጠይቂ አታስቀምጪ። የዩፒኤስ ባትሪውን ከቻልሽ ምድር ቤት አድርጊው፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

ከአሽበርን
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቨርጂኒያ አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር ውስጥ በቴክኒሽያንነት እሠራለሁ፤ እዚህ አካባቢ በዚህ ሙያ ብዙ ሐበሻ አለ። ስለ ኬቪኤሙ ልናገር።

እኔ በምሠራበት አዳራሽ በየራኩ ተሳቢ ስክሪን የለም። ያለው አንድ ጎማ ያለው ጋሪ ነው፤ ላዩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ተቀምጦ ወደተበላሸው ሰርቨር እንገፋዋለን። የቀረው ሥራ ሁሉ በሰርቨሩ የራሱ ማኔጅመንት ፖርት ነው፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ አይሎ ይለዋል። ስለዚህ እህቴ፣ 16 ፖርት ኬቪኤም ከመግዛትሽ በፊት ላይሰንሱን እዪ። የዴሉ አይድራክ ከርቀት ስክሪኑን የሚያሳይሽ ኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ ሲኖረው ነው። የኤችፒኢው አይሎ ያለ አድቫንስድ ላይሰንስ ስክሪኑን የሚያሳየው ሰርቨሩ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ይዘጋብሻል። ሱፐርማይክሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳያሉ። የላይሰንሱን ዋጋ ከኬቪኤሙ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አስሊው።

ማኔጅመንት ፖርቱን ግን ለብቻው በተለየ ኔትወርክ ላይ አድርጊው፤ ወደ ኢንተርኔት በፍጹም እንዳይከፈት። በ2017 አይሎ 4 ላይ የተገኘው ክፍተት ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ነበር፤ 29 ጊዜ «ኤ» የሚለውን ፊደል መላክ ብቻ ይበቃው ነበር። ከ2.53 በፊት ያለ ፈርምዌር (የመሣሪያው የውስጥ ሶፍትዌር) ካላችሁ ዛሬውኑ አድሱት።

ሐዋሳ_ሐይቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድሜ ከአሽበርን፣ ያንተ ሰርቨሮች በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራሉ። የኛ እዚህ 10 ዓመትም ይሠራሉ። የድሮው አይድራክ 6 ሪሞት ስክሪኑን የሚከፍተው በጃቫ ነው፤ ያንን የሚቀበል ብሮውዘር ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለዚህ ብቻ ሳይታደስ አስቀምጬ ነበር። ለአሮጌ ሰርቨር በኔትወርክ የሚሠራ ኬቪኤም ዛሬም ዋጋ አለው። ከኤተንም ይሁን ከራሪታን፣ በየሰርቨሩ ትንሽ ዶንግል ይሰካና በተራ የኔትወርክ ኬብል ወደ ኬቪኤሙ ይመጣል። የዶንግሉን ዋጋ ግን ለየብቻ ጠይቁ፤ ፕሮፎርማ ላይ ኬቪኤሙ ብቻ ተጽፎ ዶንግሎቹ ሲደመሩ ሂሳቡ ሌላ ይሆናል።

በጀት ለሌለው ደግሞ ፓይኬቪኤም አለ፤ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ የሚሠራ፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ። ለሁለትና ለሦስት ሰርቨር በጣም ደህና ነው።

ጋሼ_ኮንሶል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ክርክሩ ግን ሰርቨሩ ላይ ብቻ ቆሟል። ልጄ የዘረዘረችው ውስጥ አምስት ስዊች፣ ሁለት ራውተርና ፋየርዎል አሉ። ራውተርና ስዊች የስክሪን መሰኪያ የለውም። ኬቪኤሙ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ለነሱ ምንም አያደርግላቸውም። እነሱ የሚናገሩት በሲሪያል ኮንሶል፣ ማለትም በገመድ ጽሑፍ ብቻ በሚያስተላልፍ መሰኪያ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ዋናው ስዊች ሲነሳ ከሳምንት በፊት የተቀየረው ኮንፊግ አልነበረም፤ ቀያሪው ሴቭ ሳያደርገው ቀርቶ ነበር። የቀየርኩት እኔው ነበርኩ። ከቤት በቪፒኤን ልግባ ብል መንገዱ ያ ስዊች ራሱ ነው። አይሎውም አይድራክውም በዚያው ስዊች ላይ ነበሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቼ ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። ስደርስ ላፕቶፔ የሲሪያል ፖርት የለውም፤ መቀየሪያው ገመድ ያለው ባልደረባዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ተቆልፏል። ጥበቃው አዛውንት ነበሩ፣ ባትሪ አብርተውልኝ አብረውኝ ቆሙ። መሳቢያውን ሰብረን ሰማያዊዋን ጠፍጣፋ ገመድ አወጣን። የመስመሩን ፍጥነት 9600 ብዬ ስገባ ያቺ የስዊቹ መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው አገልግሎት ጠይቆ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ኮንሶል ሰርቨር ሳይኖር ሰርቨር ክፍል አልቀበልም። አንድ ዩ የምትሆን ሳጥን ናት፤ 8 ወይም 16 ሲሪያል ፖርት አላት፣ ከያንዳንዱ ስዊችና ራውተር ኮንሶል ጋር ትገናኛለች። ሲም ካርድ የምትቀበለውን ምረጪ፣ ዋናው መስመር ሲሞት በሞባይል ኔትወርክ እንድትገቢ። ዱሮ ሲስኮ 2511ን ለዚህ እንጠቀምበት ነበር፤ 16 መስመር ነበረው። ዛሬ አቅም ከሌለ አንድ ሊኑክስ የተጫነባት ትንሽ ኮምፒውተርና የዩኤስቢ ሲሪያል ገመዶችም ያንኑ ይሠራሉ። ሲስኮው በ9600፣ ማይክሮቲኩ በ115200 እንደሚናገር ግን በያንዳንዱ ገመድ ላይ በወረቀት ለጥፊ፤ ሌሊት ላይ ማንም አያስታውስም።

ኬቪኤም የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ለየፖርቱ የራሱ የኪቦርድና የማውስ ኢሙሌሽን (ሁልጊዜ እንደተሰኩ አድርጎ ለሰርቨሩ የሚያስመስል) ያለውን። የዱሮዎቹ ርካሾች ይህ አልነበራቸውም። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ኪቦርድ አላገኘሁም ብሎ «ኤፍ 1 ተጫን» ላይ ተቸክሎ ያድራል።

ከአሽበርን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ጋሼ ልክ ነዎት፣ እኔም ኮንሶል ሰርቨሩን መጥቀስ ነበረብኝ። ፌስቡክ በኦክቶበር 4፣ 2021 ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ሲጠፋ የሆነው ይኸው ነው። ዋናው ኔትወርክ ሲቋረጥ መጠባበቂያው መግቢያም አብሮ አልሠራ ስላለ መሐንዲሶቹ በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ መሄድ ነበረባቸው። በዚያ አቅም ላይ ያሉት ይህ ከገጠማቸው፣ መጠባበቂያ መንገዱ ከዋናው ጋር ምንም የማይጋራ መሆኑን እኛም እያንዳንዱን ገመድ ተከትለን ማየት አለብን።

እንጦጦ_ንፋስ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡40

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ቁጭ ብዬ ሠራሁ፣ ዛሬ ደግሞ ሜትር ይዤ ክፍሉ ውስጥ ዋልኩ።

ከዘጠኙ ዴሎች አምስቱ ኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ የላቸውም፤ ከነሱ ሁለቱ ሐዋሳ ያለው ዓይነት የጃቫ ናቸው። ስለዚህ ለሦስቱ ዴልና ለሦስቱ ኤችፒኢ ላይሰንስ፣ ለሁለቱ አሮጌዎች ፓይኬቪኤም፣ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ አንድ ጎማ ያለው ጋሪ ስክሪንና ኪቦርድ ይዞ። ባለ 16 ፖርቱን ሰረዝኩት። በተረፈው ገንዘብ ባለ 8 ፖርት ኮንሶል ሰርቨር ከነሲም ካርድ ማስገቢያው ጻፍኩ፤ አምስት ስዊች፣ ሁለት ራውተርና ፋየርዎሉ ልክ ስምንት ናቸው።

ራኩ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ 600 በ1200 ለሰርቨር፣ አንዱ 800 በ1200 ለኔትወርክ፣ ሁለቱም ወንፊት በር። አለቃዬን ክፍሉ ውስጥ አስገብቼ የአንዱን ዴል ጥልቀት አብረን ለካን። 72 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ከዚያ 80ውን በሜትሩ ላይ ሳሳየው «በቃ ገባኝ» ብሎ ፈረመ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ግን አገኘሁ። የክፍሉ በር ጠርዙ ከወለል 1.96 ሜትር ነው፤ የ42 ዩው የውጭ ቁመት ከነጎማው 2 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ተፈታቶ መጥቶ ክፍሉ ውስጥ የሚገጣጠም» የሚል አንቀጽ ጨምሬያለሁ። የወለሉን ጉዳይ መሐንዲሱ ሰኞ መጥቶ ያያል።

ኬብል_አሳሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡15

ተፈታቶ የሚመጣ ከሆነ የግራውንድ ሽቦዎቹ ከየበሩ ወደ ፍሬሙ መታሰራቸውን ራስሽ ቆመሽ እዪ፤ ሲገጣጠም የሚረሳው እሱ ነው።

ጋሼ_ኮንሶል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ጎበዝ ልጄ። የኬጅ ነትና የኤም6 ቡሎን ቁጥር ግን ዝርዝሩ ውስጥ አላየሁም። ለሁለቱ ራክ 200፣ 200 ጻፊ።

እንጦጦ_ንፋስ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

አሁኑኑ እጨምረዋለሁ ጋሼ።